ተዝካራቸው ተበልቶ ያልሞቱት አያ ቸኮል

የአያ ቸኮልን ሞት የነገረኝ አሁን ወደምኖርበት ደብረ ማርቆስ ቅቤ ጭኖ ገበያ የመጣ የአገሬ ልጅ ነው። "አያ ቸኮል አረፉ" ሲለኝ መጀመሪያ ያመለጠኝ ሳቅ ነበር። ሰውየው ደንግጦ አየኝ። ዕንባዬ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው፤ እሱን ግን አላየውም፣ ተቀይሞኝ ወደ በቅሎው ዞሯል። ምን ላድርግ? በእኛ መንደር ሰው ዘንድ አያ ቸኮል ከሞቱ ቆይተዋል። ተዝካራቸውን በልተናል፣ ጠላቸውን ጠጥተናል፣ ነፍስ ይማር ብለን አፋችንን ጠርገን ተነሥተናል። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመሩ፣ ጣልያን ጠቅልሎ እስኪወጣ ድረስ አብረውን ኖሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትሁ በኋላ ማን ያስበኛል ብሎ ሲሰጋ፣ ዓይኑ እያየ ደግሶ ካህናቱንም ድሃውንም ጎረቤቱንም ያበላል። የቁም ተዝካር ይባላል። አያ ቸኮል ልጅ አልነበራቸውም። የወንድማቸው ልጆች ነበሩ፣ ግን አያምኗቸውም። "እነሱ በሬዬን ይበሉታል እንጂ ስሜን አያስጠሩትም" ይሉ ነበር። ስለዚህ የጎልማሳነት ዘመናቸውን በሙሉ የኖሩት ለዚያች አንዲት ቀን ሲያጠራቅሙ ነው።

ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገታቸው ከጋቢያቸው በላይ ብቅ ያለ ሰው ነበሩ። የገንዘብ ወሬ ከተነሣ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ያሹታል። ወሬው ከረዘመ ጆሯቸው በርበሬ ይመስላል። የመንደሩ ሰው ሊጠይቃቸው ሲሄድ አስቀድሞ ጆሯቸውን ያያል፤ ከቀላ፣ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ይመለሳል።

በወጣትነታቸው እንዲህ አልነበሩም ይላሉ የሚያውቋቸው። ሠርግ ሲሰሙ ሳይጠሩ የሚሄዱ፣ ያገኙትን በዕለቱ የሚጨርሱ፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ በሬ ሸጠው ጠመንጃ ሊገዙ ወጥተው፣ በሬውም ጠመንጃውም ሳይኖር ዘፈን ብቻ ይዘው የተመለሱ ጎረምሳ ነበሩ አሉ። እመት ጥሩዓለምን ሲያገቡ ሰከን አሉ። ልጅ ሳይመጣ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኑ።

"ጎረምሳ የሚጨነቀው ለሆዱ ነው፤ ጎልማሳ የሚጨነቀው ለግብሩ ነው፤ ሽማግሌ የሚጨነቀው ለተዝካሩ ነው" ይሉኝ ነበር።

"እንግዲያ ለምን አይተዉትም?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"ለሁለቱ ተጨንቄ እዚህ ደረስሁ። ለሦስተኛው ልስነፍ?"

እኔ ያን ጊዜ ትዳር የያዝሁ፣ አጥራችን የሚዋሰን ጎረቤታቸው ነበርሁ። እወዳቸው ነበር፤ ግን እንደ ሁሉም ሰው አሽሟጥጣቸዋለሁ። ደግሞስ የማያሽሟጥጥ ማን ነበር? ቁይ ገበያ በርበሬ ረከሰ ሲባል የአማኑኤልን ገበያ ትተው፣ አገር አቋርጠው፣ ቁይ ድረስ በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። ስንቃቸው መንገድ ላይ አለቀ፤ ሲመለሱ በውኃ ቢነከር የማይጎድል ያበጠ እግር ይዘው ገቡ። እመት ጥሩዓለም በርበሬውን አሸተቱና፣ "በርበሬውስ ረክሷል፤ እግርዎ ነው የተወደደው" አሏቸው። ነጭ ኩታ ገዝተውም ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድ ቀንም አልለበሱትም። ለተዝካሬ ቀን ነው ብለው ሳጥን ውስጥ አስተኝተውታል፤ ክረምት ሲወጣ ፀሐይ ያሞቁታል፣ ከዚያ መልሰው ያስተኙታል።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ የሁላችንም ኑሮ ተናጋ፤ የአያ ቸኮል ግን ከሥሩ ተነቀለ። ጠገራ ብራችሁን አምጡ፣ በፋንታው ሊሬ ውሰዱ ተባለ። አንድ የአማኑኤል ነጋዴ አዲሱን የሊሬ ወረቀት ሲያሳያቸው አብሬያቸው ነበርሁ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አነሡት፣ አገላበጡት፣ መለሱለት።

"ይኸ ይቀበራል?" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

"ምስጥ ይበላዋል" አልኋቸው።

እስከ ቤታችን ድረስ ጆሯቸውን እያሹ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር ተቃጠለ። አርበኞች አደሩበት ተብሎ ነው። ቤቱ ቶሎ ጠፋ፤ ጎተራው ግን ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ሰነበተ፣ የተቃጠለ ጤፍ ሽታ እኛ ድረስ ይመጣል። አያ ቸኮል ጠዋት ጠዋት ከጉብታው ላይ ቆመው ያንን ጢስ ያያሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ብቆም፣ "የስንቱ ተዝካር ነው እንዲህ የሚጨሰው" አሉ። በዚያው ዕለት ለእመት ጥሩዓለም፣ "የኔን ጣልያን አያጨሰውም፤ በጥር እደግሳለሁ" ብለው ቁርጡን ነገሯቸው።

እመት ጥሩዓለም የቀስታ ሰው ነበሩ። "ደግሰው ቢጨርሱና ሞት ቢዘገይስ?" አሏቸው።

"አይዘገይም።"

"ቢዘገይስ?"

"አንች ገና ወጣት ነሽ፣ አይገባሽም።"

እመት ጥሩዓለም ያን ጊዜ ጸጉራቸው ግማሽ በግማሽ ሸብቷል። በዕድሜ ግን በጣም ያንሷቸው ስለነበር፣ አያ ቸኮል ቀድመው እንደሚሞቱ ለአንድ ቀንም ተጠራጥረው አያውቁም። ሒሳባቸው ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ የሚያሳስርበት ጊዜ ስለነበር፣ ፊደል የቆጠርሁ ነኝና እኔን አስከትለው ፈቃድ ሊጠይቁ ማርቆስ ወደ ምሽጉ ወጡ። የተቀበለን ቀጠን ያለ ወጣት ጣልያናዊ ሹም ነው። አስተርጓሚው የሌላ አገር ሰው ነበር፤ የእኛን ወግ አያውቅም፣ ወይም እንደማያውቅ መሆን ፈልጓል።

"የምን ድግስ ነው?" አለ አስተርጓሚው።

"የተዝካር" አሉ አያ ቸኮል።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ የማን ተዝካር ነው?"

"የኔ።"

አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቆየና ወደ ሹሙ ዞሮ ተናገረ። ሹሙ ነገሩን አስደገመው። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

"መቼ ነው የምትሞተው? ይልሃል።"

"እሱን ጌታ ያውቃል። ድግሱ ግን ለጥር ነው።"

"ታመሃል ወይ?"

"ጤና ነኝ፣ ይመስገነው።"

የሹሙ ፊት ተለወጠ። ከአስተርጓሚው ጋር ዝግ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ወደ እኛ ሲዞር ድምፁ ጠንክሯል። "ጤነኛ ሰው ለሞቱ የሚደግሰው ሊዋጋ ሲወጣ ነው። አንተ ልትሸፍት ነው፣ ይላሉ ጌታው።" በሩ ላይ የነበረው ወታደር ተጠጋ። እኔ በሆዴ አያ ቸኮልንም፣ ተዝካራቸውንም፣ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታንም ረገምሁ።

አያ ቸኮል ጆሯቸውን ይዘዋል። "ጌታዬ፣" አሉ፣ "እኔ ገንዘቤን ለማውጣት ይኸን ያህል ዘመን የፈራሁ ሰው ነኝ። ነፍሴንማ እንዴት አድርጌ አወጣለሁ? ይኸን ልጅ ይጠይቁት።"

"እውነት ነው፣" አልሁ በድንጋጤ፣ "በአገሩ እንደሳቸው ያለ ቆጥቋጣ የለም!"

በአፌ የወጣው ይኸ ነው። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ሲተረጉምለት ሹሙም ሳቀ፣ በአገሩም እንዲህ ያለ አጎት እንዳለው ተናገረና ማኅተሙን መታልን። የሚጠብቁ ሁለት አስካሪዎች፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ እልካለሁም አለ። ከከተማው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን አያ ቸኮል፣ "ቆጥቋጣ ያልኸኝ ለነፍሴ ብለህ ነው፣ ወይስ ከልብህ?" አሉኝ። መንገዱ ዳገት ስለነበር አልመለስሁላቸውም።

የእመት ጥሩዓለም ድካም ግን ሊነገር አይችልም። ጌሾውን የወቀጡት፣ ጠላውን የጠመቁት፣ ድልሁን ያቁላሉት እሳቸው ናቸው። የመንደሩ ሴቶች ቢረዷቸውም፣ ከገብስ ቆሎው እስከ ጋን ማጠን እጃቸው ያልነካው ነገር አልነበረም። አያ ቸኮልም በበኩላቸው ወደ ጫካው ሰዎች መልእክት ሰደዱ፤ የጣልያን ፈቃድ ያለበት ድግስ በአርበኞች ዘንድ ባንዳ እንዳያሰኛቸው ነው። "ፈቃዱ የምሽጉ ነው፣ እንጀራው ግን የሁሉም ነው" ብለው ላኩ። በዕለቱ ሁለቱ አስካሪዎች ከዳሱ ጥግ ጠመንጃቸውን አጋድመው ሲጠጡ፣ ከአጠገባቸው ጋቢ የተከናነበ የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ዋንጫ ያቀብላቸው ነበር። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የጠየቀም የለም።

አያ ቸኮል ያን ነጭ ኩታ ለብሰው ከዳሱ በር ላይ ተቀምጠዋል። ካህናቱ በክርስትና ስማቸው ጸሎቱን አድርሰዋል። እሳቸው ግን ይኸ አልበቃቸውም፤ አልቃሿን አስጠርተው "ለቅሶዬን ልስማው" አሉ። አልቃሿ ጀመረች። ለጋስነታቸውን ስታነሣ ዳሱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳል ያዘው። እመት ጥሩዓለም ከወጡ ድስት አጠገብ ሆነው፣ "በቁምዎ አያሟርቱ! አንችም ተይ፣ የዋሸሽው ይበቃል!" ብለው ለቅሶውን አስቆሙት።

እውነቱን ለመናገር እስከ እኩለ ቀን ድረስ አያ ቸኮል በገዛ ድግሳቸው አልተደሰቱም። ዓይናቸው ጭልፋው ላይ ነበር። ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ሲጠልቅ እሳቸውም አብረው ይጠልቃሉ፤ ሲሞላ ሲያዩ ጆሯቸውን ያሻሉ። ይኸን እያየሁ ስስቅ ነው በመንገዱ ሰዎች ሲመጡ ያየሁት። ከወንዝ ማዶ ያለው የተቃጠለው መንደር ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ልጅ ያዘለች፣ ቁራጭ ምንጣፍ የተሸከመ። የጠራቸው የለም፤ ሽታው ነው የጠራቸው። ከዳሱ ራቅ ብለው ቆሙና መሬት መሬት አዩ።

ሁላችንም ወደ አያ ቸኮል ጆሮ ተመለከትን። እጃቸው እዚያው ነበር። ከዚያ ለቀቁት። ተነሡ፣ ኩታቸውን ሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"ግቡ፣ ምን ያቆማችኋል! ሟቹ እኔ ነኝ፣ ግቡ!" አሉ።

በዚያ ቀን የተበላውን ያህል በዚያ መንደር ተበልቶ አያውቅም። የወንድማቸው ልጆች ድርሻ ይሆናል የተባለው በሬ ሳይቀር ታረደ። አያ ቸኮል ራሳቸው ጭልፋውን ከሴቶቹ ቀምተው ሲያወጡ ዋሉ። በማግሥቱ ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ ባዶው ጎተራ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው "ሆ!" እያሉ ድምፃቸውን ይሞክራሉ። "እንዴት ያስተጋባል መሰለህ!" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ በማንም ሀብታም ፊት ላይ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ መሞት የነበረባቸው። አልሞቱም። ወሩ አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ፣ ዓመቱ ዞረ። እንዲያውም ሳይወፍሩ አልቀሩም። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ከምትደርሳቸው እህል እየቆነጠሩ፣ ጎረቤት ያቀመሳቸውን እየቀመሱ ኖሩ። መንደሩ "ሟቹ" የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም "አቤት!" ይላሉ። እመት ጥሩዓለም ምሳ ሲያቀርቡ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ሬሳ ማብላት የኔ ዕጣ ነው" ይሉ ነበር፣ ግን እየሳቁ ነው።

ጭቃ ሹሙ ለጣልያን ግብር ሊሰበስብ ሲመጣ ከደጃቸው ተቀምጠው ጠበቁት።

"አንተ፣ ተዝካሬን አልበላህም?" አሉት።

"በልቻለሁ።"

"ሁለት ጊዜ አይደለም ወጥ የተጨመረልህ?"

"እሱስ ነው።"

"እንግዲያ ያልሞተ ሰው ተዝካር ነው የበላኸው? ሙት ደግሞ አይገብርም። ሂድ፣ በደንብ በልተህ የቀበርኸውን ሰው አትቆፍር።"

ጭቃ ሹሙ እየሳቀ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሳይስቅ መጥቶ አንዲት በግ ወሰደ። አያ ቸኮል በጓ ስትወሰድ ሲያዩ ጆሯቸውን ይነካሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልነኩም። "የት ትሄዳለች፣ ሁላችንም የምንበላ ነን" ብለው ወደ ፀሐዩ ዞሩ። እኔ ገና በጎልማሳነቴ ነበርሁና ቀናሁባቸው። ግብርና ልጅ ቀለብ እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ምንም የሌላቸው ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ ሲያንኮራፉ መስማት ያናድዳል።

ያ ሰላማቸው የተሰበረው እመት ጥሩዓለም ሲታመሙ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትኩሳት ያዛቸው። አልጋቸው አጠገብ ሆነን አያ ቸኮል እጃቸውን ይዘው ሳሉ፣ እመት ጥሩዓለም "ለኔ አይጨነቁ" አሏቸው። ያቺ ቃል ናት ያረደቻቸው። የተናገሩት የመጨረሻው ነገርም እሱ ሆነ። እኒያ በዕድሜ የሚያንሷቸው ሰው ቀድመው ሄዱ።

ከቀብሩ በኋላ አያ ቸኮል ቤቴ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው አልተቀመጡም። ስንት ዓመት ያላየሁት ነገር፣ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ነበር።

"የሷን ተዝካር ምን ላብላ?" አሉኝ። "የኔን ብቻ አሰብሁ። እሷ ልታስበኝ እንጂ ላስባት አልተዘጋጀሁም። አርባዋ እየመጣ ነው፣ ቤቴ ውስጥ አንዲት ቁና እህል የለም።"

እኔም የምሰጠው አልነበረኝም፤ በዚያ ዓመት እህል የተረፈው ሰው አልነበረም። ያን ኩታ ሊሸጡ አማኑኤል ወጡ፣ ልብስ የሚገዛ አጥተው ይዘውት ተመለሱ። እንቅልፍ አጡ፣ ሰውነታቸው መነመነ። እንደ ወጣት ለሆዳቸው ሳይሆን፣ እንደ ጎልማሳ ለግብራቸው ሳይሆን፣ ለሌላ ሰው ብለው ሲጨነቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሽሙሬን ሁሉ ዋጥሁ።

እሑድ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ ሰው ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይበተን፣ ከመካከል ቆሙ። "አባቶቼ፣ ወንድሞቼ" አሉ። "ያኔ የበላችሁት የኔ አይደለም በሉልኝ። የጥሩዓለም ይሁን። እኔ ያለ ተዝካር ልቅር።"

ሰው ሁሉ ተያየ። ደብተራዎቹ ወዲያው ክርክር ጀመሩ። አንደኛው፣ ጸሎቱ የደረሰው በአያ ቸኮል የክርስትና ስም ነው፣ ወደ ሌላ ስም አይዞርም አለ። ሌላው፣ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፣ ይዞራል አለ። ሦስተኛው፣ በቁሙ ተዝካሩን ያበላ ሰው ነገር መጽሐፉ ውስጥ የት እንዳለ ልፈልግ ብሎ ሊሄድ ተነሣ። አያ ቸኮል በመካከላቸው እንደ ተከሳሽ ቆመዋል።

ቄስ አንለይ የሁላችንም የነፍስ አባት ነበሩ፤ በልጅነታቸው ዲማ ገዳም ገብተው የተማሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። በመቋሚያቸው ተደግፈው ሲሰሙ ቆዩና፣

"ቸኮል፣ ጠላውን የጠመቀው ማን ነበር?" አሉ።

"እሷ።"

"ወጡንስ?"

"እሷ ናት፣ አባቴ።"

"ዕንጨቱን? ውኃውን? ጋን ማጠኑን?"

አያ ቸኮል ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ቄስ አንለይ ወደ ደብተራዎቹ ዞሩ። "እንግዲያ የሚዞር ነገር የለም። ድግሱ ከመጀመሪያውም የሷ ነበር። የተሳሳተው የኛ ጸሎት ነው፤ እሱን በአርባዋ ቀን በስሟ አስተካክለን እንደግመዋለን። የበላ ሁሉ ይምጣ።"

የበላ ሁሉ መጣ። ከወንዝ ማዶ ያሉት እንኳ፣ ከየተበተኑበት ሰምተው መጡ። ድግስ አልነበረም፤ ሰው ከየቤቱ በያዘው እፍኝ ንፍሮ ተቃመስን። ካህናቱ የእመት ጥሩዓለምን የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ብለው ሲጠሩ አያ ቸኮል እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ።

ሲያበቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል አብረን ወረድን። በትራቸውን እየተከሉ ይሄዳሉ። ሳዝንላቸው ቆይቼ አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው።

"አያ ቸኮል፣ ዕድሜዎን ሙሉ የለፉበት ተዝካር አሁን የርስዎ አይደለም። ምንም የለዎትም። አይፈሩም?"

ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ያኔ የፈራሁት የማላውቀው አገር፣ የማውቀው ሰው የሌለበት ቤት ልገባ መስሎኝ ነው" አሉኝ። "አሁን ጥሩዓለም እዚያ ናት። ሚስቴ ያለችበት ቤት ለመግባት ድግስ ምን ያደርግልኛል?"